ቀምሳ የሰጠችው መድኃኒት

ስሙኝማ፣ አማቴን ንዳድ ይዟቸው በቃሬዛ ቡሬ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ለልምምድ ከመጡት የነርስ ተማሪዎች አንዷ መድኃኒት በብርጭቆ ስታቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «ጠላ እንኳ የቀዳው ሰው ሳይቀምስልኝ አልጠጣም፤ እንኳን ይህን» አሉ። ጓደኞቿ ሳቁባቸው። እኔ ገላቸው እንደ እሳት ሲፋጅ እያየሁ «ኧረ ይጠጡ» ብዬ ለመንኋቸው።

ልጅቱ ግን አልሳቀችም። «እውነትዎን ነው አባባ፣ ያጠፋሁ እኔ ነኝ» አለችና መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰችው። ምሬቱ ፊቷን ጭምድድ አደረገው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። አማቴ ቀና ብለው አዩዋትና ብርጭቆውን ከእጇ ወሰዱ። «በቃሽ ልጄ፣ የቀረውን እኔ እችለዋለሁ» ብለው ጭልጥ አደረጉት። እኔ አላስቻለኝም፣ እልልታዬን አቀለጥሁት፤ የተኛው በሽተኛ ሁሉ ሙሽራ የገባች መስሎት ብድግ አለ።