እትዬ ቀስ በሉ እና የሦስተኛው ስፌት ቋጠሮ

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ የማተሚያ ቤት ባልደረቦችና የጸሎት ቤታችን ምእመናን ሆይ፤ አሁን የሚነበብላችሁ በፊታችሁ በሣጥን ውስጥ ያረፉት የመጽሐፍ ጠራዧ፣ ሁላችሁም «እትዬ ቀስ በሉ» እያላችሁ ስትጠሯቸው የኖራችሁት እናት ዜና ሕይወት ነው። አንባቢዋ የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ስትሆን፣ እርሳቸው አሳድገዋታል፣ ሙያቸውን አስተምረዋታል፣ ይህንንም እንድታነብ በገዛ አንደበታቸው አዘዋታል። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፤ የቸኮለ ሰው ካለም ሟች ዘወትር ይሉት የነበረውን ያስታውስ፤ ሙጫው ሳይደርቅ መጽሐፍ አይገለጥም።

እትዬ ቀስ በሉ ከመጽሐፍ ጠራዥ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው የተወለዱት፣ ከአባታቸው የሥራ ቦታ በመጋረጃ ብቻ በተከፈለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ከመጋረጃው ወዲያ የሙጫ ድስት፣ ከመጋረጃው ወዲህ የሾርባ ድስት ይጣድ ስለ ነበር አንዱ በሌላው ምትክ ሊቀርብ ለጥቂት የተረፈባቸው ቀኖች እንደ ነበሩ እየሳቁ ያወጉን ነበር። ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ታናሽ ወንድማቸው ተወለዱ፤ እናታቸውም ከዚያ ወሊድ ሳይነሡ ቀሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕፃኑን አዝለው ውሃ የቀዱት፣ አዝለው ልብስ ያጠቡት፣ አዝለው የቤት ሥራቸውን የሠሩት እኚህ ሴት ናቸው። ይህን የምንጠቅሰው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ኋላ ያስፈልገናል።

እስከ ሰባተኛ ክፍል ድረስ ሲማሩ ከክፍላቸው አንደኛ ከመውጣት ጎድለው አያውቁም ነበር። ይሁን እንጂ የአባታቸው ዐይን እየደከመ ሄዶ ረዳት እጅ በማስፈለጉ፣ ከሁለቱ ልጆች አንዱ ከትምህርት ገበታ እንዲቀር ግድ ሆነ፤ እርሳቸውም ማንም ሳይጠይቃቸው ደብተራቸውን አጥፈው ወንድማቸው እንዲማሩ አደረጉ። በዚህ ተጸጽተው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ከዚያ ወዲያ ያላነበብሁት መጽሐፍ የለም፣ ማን የጠረዘው ይመስልሻል ብለው ይመልሱ ነበር።

አባታቸው ለሁለቱም ልጆቻቸው ያስተማሩት ሙያ አንድ ልዩ ምልክት ነበረው። መጽሐፍ ሲሰፋ ክሩ ሦስተኛው ስፌት ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ይመለስና በራሱ ሥር አልፎ ቋጠሮ ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል። ለዐይን አይታይም፤ ነገር ግን የአውራ ጣቱን ጥፍር በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ቁልቁል የሚያንሸራትት ሰው፣ ሦስተኛው ስፌት ላይ ሲደርስ የጤፍ ፍሬ የምታህል እብጠት ታገኘዋለች። አባትየው ይህን ቋጠሮ የሚጠቀሙት ለተከበረ ሥራ ብቻ ነበር፤ ከሁለቱ ልጆቻቸው በቀርም ለማንም ሳያሳዩ ዐረፉ።

እትዬ ቀስ በሉ በሃያ ዓመታቸው በማተሚያ ቤቱ የጥረዛ ክፍል ተቀጠሩ፤ ወንድማቸውም ትምህርታቸውን ሲጨርሱ እጃቸውን ይዘው ወስደው እዚያው አስቀጠሯቸው። ቅጽል ስማቸውም የወጣው በዚያ ነው፤ አለቃ ቢቆጣ፣ ደንበኛ ቢጮህ፣ «ቀስ በሉ፣ ሙጫው ይድረቅ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራቸውምና። እዚያው የእርሳስ ፊደል እየለቀሙ ለኅትመት ከሚደረድሩት ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ዘጠኝ ዓመት በፍቅር የኖሩ ሲሆን፣ ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው ዝምተኛ ሰው ስለ ነበሩ፣ እኚህን ሁለት ሰዎች ቤታቸው ሄዶ የጠየቀ ሁሉ ጸጥታው ጆሮውን አሳምሞት ይወጣ ነበር ይባላል።

ከዚያ በኋላ ሁላችሁም የምታውቁት ዘመን መጣ፤ ጸሎት ቤታችን ታሸገ፣ ቅዱሱ መጽሐፍ በቤቱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ይታሰር ጀመር። በዚህ ጊዜ እትዬ ቀስ በሉ አንድ ብልሃት አሰቡ። ማተሚያ ቤቱ የውሃ ቧንቧ ጥገናና የዶሮ እርባታ መመሪያዎችን በብዛት ያወጣ ስለ ነበር፣ ቅዱሱን መጽሐፍ ክፍል ክፍል አድርገው በመመሪያዎቹ መካከል እየሰፉ ለየቤታችሁ አደሉ። የቧንቧ ጥገና መመሪያን ከአሥረኛው ገጽ አልፎ የሚያነብ ሰው አልተፈጠረም የሚለው እምነታቸው ለአራት ዓመት ያህል አላሳፈራቸውም። ዛሬ በመካከላችን ያሉት ሽማግሌ የሐዋርያውን መልእክት እስካሁን ድረስ «ዶሮ እርባታ፣ ምዕራፍ ስምንት» እያሉ የሚጠሩት ከዚያ የተነሣ ነው።

ዳሩ ግን ተራ ቋጠሮ ሊበቃቸው ሲችል፣ እነዚያን ጥራዞች ሁሉ በአባታቸው ቋጠሮ ሰፏቸው። ለእግዚአብሔር ቃል ተራ ቋጠሮ እጄ እንቢ አለኝ፣ ያሳሰረኝ ኩራቴ ነው ይሉ ነበር። ከመደርደሪያው ላይ የራሳቸውን ጥራዝ ለይተው የሚያወጡትም በአውራ ጣታቸው ጥፍር ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ መርማሪ ወደ ጥረዛ ክፍሉ ገባ። ማንንም አልጠየቀም፤ አንድም መጽሐፍ አልገለጠም። ሁለት መቶ የቧንቧ መመሪያዎች ወደ ተደረደሩበት መደርደሪያ በቀጥታ ሄዶ፣ የአውራ ጣቱን ጥፍር በየመጽሐፉ ጀርባ ላይ ቁልቁል እያንሸራተተ፣ ሦስተኛው ስፌት ላይ እያቆመ፣ አምስቱን መርጦ አወጣ። በዚያ ክፍል የነበሩ ሠራተኞች የመርማሪውን ጣት እንደ ተአምር ሲያወሩለት ኖረዋል፤ ጣቱ ዐይን አለው እስከማለትም ደርሰዋል። ጣቱ ዐይን አልነበረውም፤ ያስተማረው ሰው ነበረው። እትዬ ቀስ በሉ ወንድማቸውን ቀና ብለው ባዩ ጊዜ፣ ወንድማቸው ጀርባቸውን ሰጥተው የወረቀት መቁረጫውን ማሽን ያሠሩ ነበር፤ በማሽኑ ላይ ግን ወረቀት አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ከምእመናኑ አራት ሰዎች ተጨምረው ታሰሩ። የቀራችሁት በፍርሃት ማን ጠቆመን እያላችሁ ስትንሾካሾኩ፣ ወንድማቸው አንገታቸውን ደፍተው «እኅቴ አልቻለችም፤ ምን ታድርግ» አሏችሁ። ይህን ቃል በጆሯችሁ የሰማችሁ ዛሬም እዚህ አላችሁ። እናንተም አመናችሁ። በስድስተኛው ወር ወንድማቸው የጥረዛ ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ፤ ፈርተው ይሁን ሹመቱን ፈልገው፣ እርሱን እርሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ።

እትዬ ቀስ በሉ ስድስት ዓመት ታሰሩ። አብረዋቸው የታሰሩትና ዛሬ በስተግራ በኩል የተቀመጡት ሦስት እናቶች እንደሚመሰክሩት፣ ከገቡበት ቀን እስከ ወጡበት ቀን ድረስ አንድም ጊዜ ለምርመራ አልተጠሩም፤ የሚጠየቅ ነገር አልቀረም ነበርና። በሦስተኛው ዓመት ባለቤታቸው በሳንባ በሽታ ሞቱ፤ የነገሯቸው ከተቀበሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ቀባሪውም ወንድማቸው ነበሩ። መጽሐፍ ስላልነበራቸው፣ ሲሰፉ በቃላቸው የያዙትን መዝሙር ለእስረኞቹ ያስጠኑ ነበር። ሆኖም አንድ ጊዜ ሲጠርዙ ሁለት የታጠፉ ወረቀቶችን ቦታ አቀያይረው ሰፍተው ስለ ነበር፣ የያዙትም በተዛባው ቅደም ተከተል ነው፤ በእርሳቸው መዝሙር ምስጋናው ይቀድምና ለቅሶው ይከተላል። እኚህ ሦስት እናቶች እስከ ዛሬ የሚጸልዩት እንደዚያው ነው። ቄሱ ሊያርሟቸው ቢሞክሩ፣ እኛ ያየነው በዚህ ተራ ነው ብለው ዝም አሰኟቸው።

ከእስር ወጥተው፣ ዘመኑ ተለውጦ ጸሎት ቤቱ በተከፈተበት በመጀመሪያው እሑድ፣ እትዬ ቀስ በሉ መጥተው ከኋላ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በዚያ ወንበር ላይ የነበሩት አምስት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሥተው ወደ ፊት ሄዱ። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ሴት ለስድስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ዘመረች። እስር ቤቱ ስድስት ዓመት ነበር፤ እኛ ዕጥፍ ልንጨምርበት ምን ቀረን?

በእነዚያ ዓመታት ወንድማቸው ሚስታቸው ሞታባቸው አንዲት የአራት ዓመት ሴት ልጅ ይዘው ስለ ቀሩ፣ ልጅቱን አምጥተው በእኅታቸው ደጅ አቆሟት፤ እኅታቸውም እንደገና አዘሉ። ስለዚህ ይህን የምታነበው ልጅ፣ የአሳዳጊዋ ወንበር ለምን ባዶ እንደሚሆን ሳታውቅ በዚያ ወንበር ላይ እግሯን እያወዛወዘች አደገች፤ እንዲያውም ሰፊ ቦታ ያገኘነው ስለ ተከበርን ይመስላት ነበር። የአያቷን ቋጠሮም በአሥራ አራት ዓመቷ ከእርሳቸው ተማረች፤ «ከእንግዲህ ይህን የምናውቀው እኔ፣ አባትሽና አንቺ ነን» ብለው ነበር ያስተማሯት።

በሃያ ሁለት ዓመቷ በዚያው ማተሚያ ቤት ስትቀጠር፣ አንድ አረጋዊ ወረቀት ቆራጭ ያንን የመርማሪውን ጣት ተአምር አወጉላት። ወሬው ሦስተኛው ስፌት ላይ ሲደርስ መርፌዋን በጅምር ሥራዋ ላይ ሰክታ ተነሣች። በሩጫ ቤት ደርሳ እሑድ በጉባኤው ፊት እናገራለሁ ብላ ስትጮህ፣ እትዬ ቀስ በሉ ሙጫ እያማሰሉ ነበር፤ ማማሰላቸውንም አላቋረጡም። «አንቺ ዛሬ አወቅሽ፤ እኔ ካወቅሁ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ቀስ በዪ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ በሰው ፊት አልጥለውም። እኔ እስካለሁ ድረስ ትንፍሽ እንዳትዪ» አሏት።

ያን ጊዜ ነው የነገሯት። በወንበሩ ላይ ብቻቸውን በተቀመጡ በሁለተኛው ዓመት አርባ ቀን ሙሉ አልጸለዩም ነበር፤ እየመጡ ይቀመጣሉ፣ አፋቸውን ግን አይከፍቱም። «ወንድሜን ከተቀየምሁ አንቺን ማሳደግ አልችልም፤ ምእመናኑን ከተቀየምሁ የምመጣበት የለኝም፤ ስለዚህ እግዚአብሔርን ተቀየምሁት፤ እርሱ ይችለዋል» አሏት። በአርባ አንደኛው ቀን ምን ሆነው እንደ ጸለዩ ስትጠይቃቸውም፣ ምንም አልሆንሁም፣ ዝም ብለን ፊት ለፊት መቀመጡ ሁለታችንንም ሰለቸን ብለው ሳቁ። እምነት ማለት በእኚህ ሴት ዘንድ ይኸው ነበር፤ ተኳርፎም ቢሆን ከቤት አለመውጣት።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም አደረባቸው። በሕመማቸው ወራት ወንድማቸው በየቀኑ እየመጡ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጡ ነበር፤ ስለ አየሩ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ተነጋግረዋል። ስለዚያ ነገር ግን ወንድማቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ እኅታቸውም እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያሉ ይጠብቁ ነበር። ልጅቱ የማትረሳው ይህን ነው። ሦስት ቀን ሲቀራቸው ዜና ሕይወታቸውን እንድታነብ አዘዟት፤ ከቀሪዎቹ ሁሉ ወንድማቸውን አስቀድማ እንድትጠራም አስማሏት። እርሷም ማለች። እውነቱን እንዳትናገር ግን አላስማሏትም፤ እኔ እስካለሁ ድረስ ነበር ያሉት፤ ከትናንት በስቲያ ጀምሮም የሉም።

ዛሬ ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ቦታ ጠፍቶ፣ በዚያ በኋላኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ስምንት ሆናችሁ ተጣብባችሁ ተቀምጣችኋል። እባካችሁ እንዳትነሡ። በሕይወት ሳሉ ቢሆን ኖሮ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁላችሁ ነበር።

እትዬ ቀስ በሉ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል። የቀሩላቸውም፤ ከሁሉ አስቀድሞ፣ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓቸው፣ አሁንም ከሣጥኑ አጠገብ በፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡት ታናሽ ወንድማቸው፤ ቀጥሎም ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ፤ መዝሙሩን ከለቅሶው በፊት በምስጋና የሚጀምሩት ሦስቱ እናቶች፤ በየቤቱ መደርደሪያ ላይ ያሉ፣ ሦስተኛው ስፌታቸው ላይ ቋጠሮ ያለባቸው የቧንቧና የዶሮ መመሪያዎች ናቸው።

ቸሩ አምላክ የእኚህን እናት ነፍስ ከሚያርፉት ጋር ያሳርፍልን፤ ሲጠብቁት ኖረው ያላገኙትን ቃል በእርሱ ዘንድ ያሰማቸው። ለወንድማቸውም ቃሉን የሚናገሩበት ዕድሜ ይስጥልን። የዚህች አንባቢ ልጅ ቂም ግን፣ ጌታ ሆይ፣ አሳዳጊዋ እንዳሉት አንተ ያዘው፤ አንተ ትችለዋለህ። እርሷ ገና አልቻለችም። አሜን።