ሦስተኛው ጉርድ ፎቶ

(ደሴ፣ በአቶ ደምሰው ፎቶ ቤት፤ ከመንገዱ ማዶ ልብስ የሚሰፉት፣ ባላቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት የሆናቸው ወይዘሮ የሺመቤት ሦስተኛውን ጉርድ ፎቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል።)

የሺመቤት፦ ይቺ እኔ አይደለሁም። የሌላ ሴት ፎቶ ነው የሰጡኝ።

ደምሰው፦ ነጠላው የእርስዎ ነው። ጉትቻውም።

የሺመቤት፦ ጉትቻውስ የኔ ነው፤ ጉንጩ የማን ነው? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ አቶ ደምሰው፤ የሰው ልክ በዓይኔ አውቃለሁ። ወገቤንም ዛሬ ጠዋት በሜትር ለክቼ ነው የመጣሁት። ይቺን ሴትዮ ላልብሳት ብል ሁለት ክንድ ጨርቅ መጨመር አለብኝ።

ደምሰው፦ ካሜራ ያወፍራል። ሁሉንም ሰው ነው የሚያወፍረው።

የሺመቤት፦ ምን አብልቶ?

ደምሰው፦ ይስሙኝማ። ሰው ሁለት ዓይን አለው። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ስለሚያይ የፊታችንን ዙሪያ ያገኘዋል፤ ከጀርባችን ያለውንም አሾልኮ ያያል። ካሜራ ግን አንድ ዓይና ነው። ጉንጩን ከጆሮው ጋር ደፍጥጦ እንደ ቂጣ ይዘረጋዋል።

የሺመቤት፦ ቂጣ አሉኝ?

ደምሰው፦ የካሜራውን ሥራ ነው ያልኩት።

የሺመቤት፦ መስኮት ላይ የሰቀሏት ወይዘሮ ስንዱስ? በአካል እኔን ሁለት ታክላለች፤ እዚያ ላይ ግን ሸምበቆ መስላለች። በእሷ ጊዜ ካሜራው ሁለት ዓይን ነበረው?

ደምሰው፦ እሷን ራቅ ብዬ ነው ያነሳኋት።

የሺመቤት፦ እኔንስ?

ደምሰው፦ ቀረብ ብዬ። ሲቀርቡ ፊት ይሰፋል፣ አፍንጫም ይገዝፋል።

የሺመቤት፦ ይህን እያወቁ ሦስት ጊዜ? ፎቶው እኮ ድሬዳዋ የሚሄድ ነው። ሰውየው ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ እህቱ ስለኔ ነግራዋለች። «መልኳን ሳላይ ሽማግሌ አልልክም» ብሏል።

ደምሰው፦ የእሱስ ፎቶ መጥቷል?

የሺመቤት፦ መጥቷል።

ደምሰው፦ ወፍራም ነው?

የሺመቤት፦ ቀጭን ነው።

ደምሰው፦ ካሜራ አወፍሮት ቀጭን ከሆነ፣ በአካል ሲመጣ ነፋስ እንዳይወስደው እጁን ይያዙት።

የሺመቤት፦ ቀልዱን ይተዉና ካሜራውን ያንሱ። አሁን ራቅ ብለው።

ደምሰው፦ አልርቅም።

የሺመቤት፦ ምን አሉ?

ደምሰው፦ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ መስኮት መንገድ ማዶ ሆኜ አየሁሽ። ርቄ በመቆሜ ምን አገኘሁ? ይኸው ለሌላ ሰው የምትላኪውን ፎቶ አንሺ ሆንኩ።

የሺመቤት፦ «አየሁሽ»?

ደምሰው፦ አመለጠኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የሺመቤት፦ ሦስቱንም ሆን ብለው ነው ያበላሹት።

ደምሰው፦ ሦስቱንም።

የሺመቤት፦ ሰውየው እንዲጠላኝ።

ደምሰው፦ እንዲተውዎት።

የሺመቤት፦ ደልደል ያለች ሴት የሚወድ ቢሆን ኖሮስ?

ደምሰው፦ እሱን አላሰብኩትም።

የሺመቤት፦ ክር ቢያልቅብኝ እርስዎ፣ መብራት ቢጠፋብኝ እርስዎ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቃል መተንፈስ ምን ከበደዎት?

ደምሰው፦ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ነው።

የሺመቤት፦ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።

ደምሰው፦ ልክ ነዎት። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቀመጡ፤ ከበሩ አጠገብ ሆኜ፣ ርቄ አነሳዎታለሁ። ቆንጆ ሆኖ ይወጣል። የእርስዎን መልክ ማበላሸቱ ነው እንጂ የሚያደክመው፣ ማሳመሩ ድካም የለውም።

የሺመቤት፦ ካሜራውን አስቀምጠው። ሽማግሌዎችህ ከሰኞ በፊት ይድረሱ፤ ሰኞ ለድሬዳዋው ሰውዬ መልስ እጽፋለሁ።