ያልተበለተው ዶሮ

(አዳማ፤ እሑድ ከሰዓት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ መብራት ጠፍቶ። ረድኤት ነገ ለአዲስ ሥራ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ እናቷ ወይዘሮ ዘነቡ የዶሮ ቢላዋ እንደያዙ ከጋዝ ምድጃው አጠገብ ቆመዋል፤ በሆዳቸው የከፋውን ሁሉ እያሰቡ።)

ዘነቡ፦ ክዳኑን አንሺና ዶሮውን አውጪልኝ አልኩሽ። ገና ውኃው መሞቁ ነው፤ አሁንም ይበለታል።

ረድኤት፦ አይበለትም፣ እማዬ። ራመን፣ የጃፓኖቹ ሾርባ፣ እንዲህ ነው የሚሠራው። ዶሮው ሙሉውን፣ ከነአጥንቱ፣ ቀስ ብሎ ይቀቀላል። ዋናው መረቁ ነው።

ዘነቡ፦ ሙሉ ዶሮ ድስት ውስጥ አይቼ አላውቅም። እንደ ሰው ተኮራምቶ ተኝቷል። እስቲ እዪው፤ አያስፈራም?

ረድኤት፦ አሁን ደግሞ ዶሮ ልትፈሪ ነው?

ዘነቡ፦ የማልፈራው ነገር ካገኘሽ ንገሪኝ። ይልቅ ሲሊንደሩን እዪው፤ የሆነ ነገር ይሸታል።

ረድኤት፦ ዝንጅብል ነው የሚሸትሽ።

ዘነቡ፦ ሊፈነዳ ሲልም መጀመሪያ ዝንጅብል ዝንጅብል ይል ይሆናል። ሌላ ምን ጨመርሽበት?

ረድኤት፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ትንሽ ጨው። መጨረሻ ላይ ደግሞ የአኩሪ አተር ሶስ።

ዘነቡ፦ በርበሬስ?

ረድኤት፦ የለውም።

ዘነቡ፦ ቅቤስ?

ረድኤት፦ የለውም።

ዘነቡ፦ እንግዲያው ይኼ የበሽተኛ ሾርባ ነው። ማን ታመመ? ደብቀሽኝ ነው እንጂ የሆነ ነገር አለብሽ።

ረድኤት፦ ምንም የለብኝም። የቀጠሩኝ ሰዎች ምግብ ቤት የሚሸጠው ይኼን ነው። እዚህ ሆቴል ስሠራ እንግዶች ሲያዙት ነው የለመድኩት። ከመሄዴ በፊት አንዴ ቅመሺልኝ ብዬ ነው።

ዘነቡ፦ ነገ አውቶቡሱ ላይ ከፊት እንዳትቀመጪ።

ረድኤት፦ እሺ።

ዘነቡ፦ ከኋላም እንዳትቀመጪ።

ረድኤት፦ ቆሜ እሄዳለሁ።

ዘነቡ፦ ቀልጂ አንቺ። ይኼ ነጭ ዱቄትስ ምንድን ነው?

ረድኤት፦ ቤኪንግ ሶዳ። የራመኑ ኑድል እዚህ ስላጣሁ ፓስታውን በሶዳ እቀቅለዋለሁ። ያኔ እንደሱ ሳብ ሳብ ይላል።

ዘነቡ፦ ፓስታ በሶዳ። ሆዳችን ተነፍቶ ስንገኝ ጎረቤት ምን ይላል? እንቁላሉንስ ምነው ቶሎ አወጣሽው?

ረድኤት፦ አስኳሉ እንዳይጠነክር። ሲቆረጥ ማር መምሰል አለበት።

ዘነቡ፦ ጥሬ ማለትሽ ነው።

ረድኤት፦ ለስላሳ ማለቴ ነው።

ዘነቡ፦ ደግነቱ ክሊኒኩ ቅርብ ነው። ቆይ፣ በሩ ተዘግቷል? ያንን አዲሱን ቁልፍሽን እጄ አልለመደውም።

ረድኤት፦ ተዘግቷል። ትለምጂዋለሽ።

ዘነቡ፦ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ አንኳኳሁ። ምናለ ብታማክሪኝ?

ረድኤት፦ ባማክርሽ እምቢ ትያለሽ። ሌባ ገባ እያልሽ ስንት ሌሊት ነው ያልተኛሽው? ያ አሮጌ ቁልፍ እኮ በማንኪያም ይከፈት ነበር። ብቻሽን ጥዬሽ ልሄድ ነው፤ ልቤ እንዲያርፍ ብዬ ነው።

ዘነቡ፦ ቁልፍ ሠሪውስ? አንዱን ቅጂ ኪሱ ከትቶ ቢሄድ ምን ታውቂያለሽ? ዓይኑን አላየሁትም፤ ዓይኑን ብቻ ባየሁት።

ረድኤት፦ ለዚህ ነው ከውስጥ መቀርቀሪያ ያስደረግኩልሽ።

ዘነቡ፦ መቀርቀሪያውስ ደግ ነው። መቀርቀሪያውን ወድጄዋለሁ። በይ አሁን ዶሮውን አውጪ። ፈረሰኛውን ብቻ ልለየው፤ የቀረውን እንደፈለግሽ አድርጊው።

ረድኤት፦ ለማን ነው የምትለይው?

ዘነቡ፦ ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ረድኤት፦ እማዬ፣ ያወጣሁት ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ነው። ራመን ውስጥ የአባወራ ብልት የሚባል ነገር የለም። ሥጋው ከአጥንቱ ይለቃል፣ በእጅ ይተለተላል፣ ለሁለታችን እኩል ይከፈላል። አለቀ።

ዘነቡ፦ ሆን ብለሽ ነው።

ረድኤት፦ ሆን ብዬ ነው።

ዘነቡ፦ ከስንቱ ምግብ መርጠሽ ይኼን ልሥራልሽ ያልሽው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ልጄ ሙያዋን ልታሳየኝ ነው ብዬ።

ረድኤት፦ ሙያዬንም ላሳይሽ ነው። ግን እዪ፤ ቤታችን ዶሮ በተሠራ ቁጥር የአባዬ ፈረሰኛ ቡፌው ላይ ተከድኖ ያድራል። በፋሲካ፣ በገና፣ በእንቁጣጣሽ። እኔ እያለሁ ይሁን። ነገ ከሄድኩ በኋላ ግን አንቺ ብቻሽን ሆነሽ ለሌለ ሰው ሳህን ስትከድኚ እያሰብኩ ሥራ አልሠራም።

ዘነቡ፦ የሌለ ያልሽው ማንን ነው? መኪናውን ነው ያገኙት። እሱን አላገኙትም።

ረድኤት፦ አውቃለሁ። ሚሌ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ጭነቱ ሳይነካ፣ ነጠላ ጫማው ከመሪው ሥር። አጎቴ ለቅሶ እንቀመጥ ብሎ ቢመጣ ከበር መለስሽው።

ዘነቡ፦ አስከሬኑን ሳላይ ነጠላዬን አላዘቀዝቅም አልኩት። የንስሐ አባታችንም ቁርጡ ያልታወቀ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም ብለውኛል። ይኼ ጥፋት ነው?

ረድኤት፦ ጥፋት አይደለም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቆጪ። ጠዋት ጠዋት የሚሆነውን እኮ አያለሁ።

ዘነቡ፦ ምኑን ነው የምታዪው?

ረድኤት፦ ሳህኑን። ሥጋው የለም። አጥንቱ ተግጦ፣ በቁራሽ እንጀራ ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ።

ዘነቡ፦ እንደ ደምሰው።

ረድኤት፦ እንደ አባዬ። ሕፃን ሆኜ አጥንቱን ለምን ታለብሰዋለህ ስለው እንዳይበርደው ነው ይለኝ ነበር። እማዬ፣ ሌሊት እየተነሳሽ ድርሻውን በልተሽ እንደሱ መጠቅለልሽን እያወቅኩ ዝም ብዬሻለሁ። ሐዘኗ በዚህ ይውጣላት ብዬ። አሁን ግን ይብቃሽ።

ዘነቡ፦ ምን አልሽ?

ረድኤት፦ ይብቃሽ አልኩ።

ዘነቡ፦ ከሱ በፊት ያልሽውን።

ረድኤት፦ ሌሊት እየተነሳሽ መብላትሽን።

ዘነቡ፦ እኔ?

ረድኤት፦ እና ማን ይሆናል? ከሁለታችን ሌላ ሰው የለም።

ዘነቡ፦ ቆይ፤ እሳቱን ቀንሺው። ቀንሺውና አጠገቤ ቁጭ በይ። ረዲ፣ አንቺ አይደለሽም?

ረድኤት፦ ምኑን?

ዘነቡ፦ የምትበይው።

ረድኤት፦ እኔ አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም።

ዘነቡ፦ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ይመጣል ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲያ ተስፋዬ ተሟጧል። ለአጎትሽ በር ስዘጋበት እንኳ ከአፌ እንጂ ከልቤ አልነበረም። ሳህኑን የምከድነው ላንቺ ነበር። ልጄ ተደብቃ የአባቷን ድርሻ ትበላለች፣ እንደሱ አጥንት ትጠቀልላለች፤ ናፍቆቷን የምትወጣው በዚህ ነው፣ ብከለክላት ትታመምብኛለች ብዬ። ኮቴሽን ስሰማ እንኳ እንዳታፍሪ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

ረድኤት፦ የምን ኮቴ?

ዘነቡ፦ ያንን፤ ከበሩ እስከ ቡፌው፣ ቀስ እያለ የሚሄደውን።

ረድኤት፦ እኔም እሰማዋለሁ። ያንቺ መስሎኝ ብርድ ልብሴን እከናነብ ነበር።

ዘነቡ፦ ስመ ሥላሴ።

ረድኤት፦ ድመት ነው። የጎረቤታችን የእትዬ ጠጅነሽ ድመት።

ዘነቡ፦ ድመት አጥንት በእንጀራ ይጠቀልላል?

ረድኤት፦ እንግዲያው እየቀለድሽ ነው በይኝ።

ዘነቡ፦ ቀልድ የት አውቃለሁ እኔ። ባለፈው ፋሲካስ? ባለፈው ፋሲካ በልተሻል፤ ጠዋት አይቼዋለሁ።

ረድኤት፦ ባለፈው ፋሲካ ተረኛ ሆኜ ሆቴል ነው ያደርኩት። ረሳሽው?

ዘነቡ፦ አልረሳሁትም። ጎህ ሳይቀድ መጥታ፣ በልታ፣ ተመልሳ ሄደች ነው ያልኩት። ያን ሁሉ መንገድ በጨለማ መምጣትሽን እያሰብኩ ስንቀጠቀጥ ነው የዋልኩት።

ረድኤት፦ እኔ ደግሞ ስመለስ ሳህኑን አጠብኩት። ብቻዋን ሆና እንኳ አትተወውም አልኩ በሆዴ።

ዘነቡ፦ በሩ ተሰብሮ አያውቅም። መስኮቱም እንደተዘጋ ነው የሚያድረው።

ረድኤት፦ ታዲያ በምን ይገባል?

ዘነቡ፦ ሲሄድ ቁልፉን ይዞ ነው የሄደው። ያንን በማንኪያ ይከፈታል ያልሽውን። ሌባ እየፈራሁ ያልቀየርኩት ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር።

ረድኤት፦ እማዬ።

ዘነቡ፦ ወዬ።

ረድኤት፦ ትናንት ማታ አንድ ነገር ሰምቻለሁ። ብረት ብረትን ሲፍቅ፤ ከበሩ በኩል። ነፋስ ነው ብዬ ተኛሁ።

ዘነቡ፦ ነፋስ አይደለም። እኔ በሩ ጋ ነበርኩ።

ረድኤት፦ ምን ትሠሪ ነበር?

ዘነቡ፦ ቁልፍ ሠሪው በቅጂው ሊገባብን መጣ ብዬ መቀርቀሪያውን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ቁልፉ ገባ፤ ዞር አልል አለ። እንደገና ሞከረ። እኔ ደግሞ ትንፋሼን ይዤ ራቅልኝ፣ ሂድልኝ እላለሁ በሆዴ። በመጨረሻ ግንባሩን ይሁን እጁን እንጃ፣ በሩን በቀስታ ተደገፈው። ከዚያ ሄደ።

ረድኤት፦ ትናንት ዶሮ ስናርድ ላባውን ደጅ ላይ ነበር የተውነው። ቤታችን ዶሮ እንዳለ በዚያ ያለፈ ሁሉ ያውቃል።

ዘነቡ፦ ዝም በይ እስቲ።

ረድኤት፦ ሰው ከሆነ ግን፣ በሕይወት ካለ፣ ለምን በቀን አይመጣም? ለምን አንድ ቃል አይናገረንም?

ዘነቡ፦ እሱን አልጠይቅም። ስፈራ የኖርኩት እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነው።

ረድኤት፦ ፈረሰኛውን ላውጣው? ቶሎ ብል ይደርሳል፤ ሥጋው ገና አልለቀቀም። ቢላዋውን አቀብዪኝ፤ አንቺ እንዳልሽ እንለየው።

ዘነቡ፦ ተይው፣ እንዳለ ይብሰል። ራመንሽን ሥሪ። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ጨምሪና ሥጋውን ለሦስት ክፈዪው። አጥንቱን ለሱ አድርጊለት፤ ቁራሽ እንጀራም አጠገቡ። የሚያለብሰው እንዳያጣ።

ረድኤት፦ ፓስታው እስኪመጣ ይላቁጣል።

ዘነቡ፦ ከላቆጠ ይላቁጥ። ከትናንቱ አይከፋም።

ረድኤት፦ አዲሱ ቁልፍስ? የሱ አይከፍተውም እኮ።

ዘነቡ፦ አውቃለሁ። መቀርቀሪያውን ሳቢና በሩን ገርበብ አድርጊው።

ረድኤት፦ ሌባ ቢገባስ፣ እማዬ?

ዘነቡ፦ ሌባም ከሆነ በልቶ ይሂድ። ገርበብ አድርጊው አልኩሽ።