የገና ተጫዋቹ ግዝት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። የገና በዓል ተቃርቧል። ጎልማሳው ሽማግሌውን ደጋግሞ ካየ በኋላ ወሬ ጀመረ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የላይ ሰፈሩ የገና ተጫዋች አይደሉም?»

«ነበርኩ።»

«እርስዎ የመቷትን ጥንግ እኮ የምናገኛት ወንዝ ማዶ ነበር! እኛ የታች ሰፈር ልጆች እርስዎን ስናይ እግሬ አውጪኝ ነው።»

«ሸሽታችሁም አላመለጣችሁ! እኔ እያለሁ ላይ ሰፈር ተሸንፎ አልተሰደበም።»

«ታዲያ ዘንድሮስ?»

«ዱላ እንዳልይዝ የንስሐ አባቴ ገዝተውኛል። በጨዋታ መሀል የአንድ ልጅ ቅልጥም ሰብሬ ነው። ‹ልጁ ይቅር ሲልህ እፈታሃለሁ› አሉኝ። እሱ ደግሞ መተከል ገባ አሉ፤ የት አግኝቼው!»

ጎልማሳው ሱሪውን ሰብስቦ ጠባሳውን አሳየ።

«ይችን ቅልጥም ነው?»

«በስመ አብ! አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ይቅር እልዎታለሁ፤ ግን ዘንድሮ ለታች ሰፈር ይጫወታሉ።»

«ለታች ሰፈር? እንደተገዘትኩ ብሞት ይሻለኛል!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

«ኧረ ጋሼ፣ ቀልዴን ነው። ይቅር ለእግዚአብሔር። ከወገንዎ ጋር ይጫወቱ፤ እኛም አንድ ጊዜ አሸንፈንዎት በዘፈን እንስደብዎት እንጂ!»

«ይቅር ብሎኛል! በሉ ሰዎች፣ ምስክር ሁኑኝ። አንተ ግን ያንን ሌላኛውን እግርህን ጠብቅ!»

እኔም ዘንድሮ ልጫወትበት ብዬ፣ ከሞተ ወዲህ ተሰቅሎ የቀረውን የወንድሜን የገና ዱላ በልቤ ከተሰቀለበት አወረድኩት።