ቀለም የማይነካት ኳስ

(ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ፤ የበርጩማና የአልጋ እግር ቀራጩ ተማምና ሰርከስ የምትሠራው ልጁ ነጂሃ፣ በገመድ የታሰረች ኳስ እየወረወሩ በእጀታው ሲኒዎች በሚቀልቡበትና በሹሉ በሚሰኩበት ኬንዳማ በሚባል የጃፓን መጫወቻ ላይ በእንጨት ቤታቸው ውስጥ ይከራከራሉ።)

ነጂሃ፦ አይቀባም አልኩህ አባ። አራት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ነው የምልህ። ቀለም የለ፣ ቫርኒሽ የለ፣ እንጨቱ ራሱ።

ተማም፦ እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አንድ ነገር ነው የምለው። ከዚህ ቤት ራቁቱን የወጣ እቃ የለም። ተማም ቀለም መግዣ አጣ ይበሉኝ?

ነጂሃ፦ ማን ያየዋል? አዲስ አበባ ነው የምወስደው።

ተማም፦ ይባስ። መጀመሪያ ቁጭ በይ። ወዲያ ወዲህ ስትይ ሰጋቱራውን አቦነንሽው፣ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ነጂሃ፦ መቀመጥ አልችልም። መኪናው ሰባት ሰዓት ይነሳል። ነገ ጠዋት የሰርከስ መራጮቹ ፊት ቆሜ ባዶ እጄን ላሳያቸው?

ተማም፦ ያ ቀዩስ? ጃፓኗ የስፖርት መምህርት ትታልሽ የሄደችው።

ነጂሃ፦ አሳይቼህ የለ? ሹሉ ተሰብሯል። ቀለሙም ተላልጧል። የተቀባ ኳስ አዲስ ሲሆን ጥሩ ይይዛል፤ ሲላላጥ ግን በአንድ ጎኑ ይይዛል፣ በሌላው ያዳልጣል፤ ምን እንደሚያደርግህ አታውቅም። ያልተቀባው መጀመሪያ ያስቸግራል እንጂ በተጫወትክበት ቁጥር ይለምድሃል። እሷም ስትሰናበተኝ፣ ሌላ የምትይዢ ከሆነ ያልተቀባ ያዢ ብላኛለች።

ተማም፦ እሺ፣ እንደ እሷ ይሁን። ከምን እንጨት?

ነጂሃ፦ እንጨት የምታውቀው አንተ፣ የምትጠይቀኝ እኔን።

ተማም፦ ዝግባ አለ። ልስልስ ነው፣ መሮ ሲነካው እሺ ይላል። ግን ቀኑን ሙሉ ስታጋጪው የሲኒው ጠርዝ ይረግፋል። ሹሉም በሳምንቱ ይደነዝዛል። ደግሞም ቀላል ነው፣ ኳሱ የት እንዳለ እጅሽ አያውቀውም።

ነጂሃ፦ ስለዚህ ዝግባ አይሆንም። ቀጥል።

ተማም፦ ባህር ዛፍ እንደሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀረሮ ነጣ ያለ ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ለቁም ሳጥን እሱን የሚያህል የለም። ብቻ ላብ ሲነካው ቶሎ ይጠቁራል።

ነጂሃ፦ ይጥቆር። ላገባው ነው እንዴ?

ተማም፦ ከጠቆረ ደግሞ ስስ አድርገን ትንሽ ቀለም ብንቀባው...

ነጂሃ፦ አባ፣ ልቤን አታውልቀው።

ተማም፦ እሺ፣ እሺ። ወይራ። ያንን ጉማጅ አንሺው እስቲ።

ነጂሃ፦ ኧረ ይከብዳል።

ተማም፦ ከወይራ የተሠራ ሹል አንቺም እኔም ካለፍን በኋላ ይኖራል። ጥርሴን አስነክሶ ነው የሚቀረጸው። ኳሱንም ከወይራ ካደረግሽው ግን ተወርውሮ ሲመለስ የሚያርፈው የእጅሽ አንጓ ላይ ነው። ያ የተጎዳው አንጓሽ ላይ።

ነጂሃ፦ ድኗል።

ተማም፦ ሐኪሙ ምን እንዳለሽ አብሬሽ ሰምቻለሁ።

ነጂሃ፦ አትገልበጪ፣ ሰው ትከሻ ላይ አትውጪ ነው ያለኝ። ለዚህ እኮ ነው የማለቅሰው። ከወደቅኩ ወዲህ በሰርከሱ ውስጥ የቀረችኝ ይቺ ኳስ ብቻ ናት። ነገ በሷ ካላለፍኩ፣ ሌሎቹ ሲሠሩ በር ላይ ቆሜ ትኬት መቀበል ነው ሥራዬ። ገባህ?

ተማም፦ ገብቶኛል። ስለዚህ ኳሱ ዋንዛ ይሁን። ክብደት አለው፣ ግን አንጓ አይሰብርም። የእንጨቱ መስመርም ያምራል፣ ስትሽከረከር ለተመልካች ይታያል። እጀታው ወይራ፣ ኳሷ ዋንዛ። ቀዳዳውን መስመሩን ተከትለው ነው የሚበሱት፤ አቋርጠሽ ከበሳሽው ሹሉ ሲገባ ይሰነጥቀዋል።

ነጂሃ፦ አልሐምዱሊላህ። ተስማማን። በል መቅረጫ ማሽኑን፣ ቶርኖውን አስነሳው።

ተማም፦ ዋንዛው መድረቁን ልይ መጀመሪያ።

ነጂሃ፦ ሁለት ዓመት ጣራ ስር የከረመ ነው። እዚያ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

ተማም፦ መብራቱም ዛሬ ከፍ ዝቅ ይላል። ሻይ እንጠጣና ሲረጋ...

ነጂሃ፦ ቆይ። ቆይ አባ። ሰኞ ዝግባ አልከኝ። ማክሰኞ ወይራ አልክ፣ ሰፈሩን ዞሬ ወይራ አመጣሁ። ትናንት ቀረሮ ይሻላል ብለህ ሐሳብህን ለወጥክ። ዛሬ ደግሞ መብራት። እንዳልሄድ ከፈለግህ በአፍህ ተናገር እንጂ በእንጨት ስም አታስቀረኝ።

ተማም፦ እንደሱ መስሎሽ ነው?

ነጂሃ፦ ሌላ ምን ይምሰለኝ? ለጓደኞቼ ሁሉ ተናግሬዋለሁ። አባቴ ራሱ ምቀኛ ሆነብኝ ብያለሁ።

ተማም፦ እንዲህ ብለሽ አወራሽ?

ነጂሃ፦ አወራሁ። አሁንም ሌላ ቀራጭ ፈልጌ አሠራለሁ፣ ዋንዛውን ብቻ ስጠኝ። የት ነው? አውርደህ ጆንያው ስር ከተትከው?

ተማም፦ ጆንያውን አትንኪው። ነጂሃ፣ ተዪው አልኩ።

ነጂሃ፦ ምንድን ናቸው እነዚህ?

ተማም፦ ማገዶ።

ነጂሃ፦ ማገዶ ቀዳዳ አለው እንዴ? ይሄ ዝግባ ነው። ይሄ ወይራ። ይሄ ቀረሮ፣ ይሄም ቀረሮ። ኳስ እኮ ናቸው አባ፣ ሁሉም። ይሄኛው ሆዱ ወጥቷል፤ ይሄ ደግሞ እንቁላል ነው የሚመስለው። ማን ነው የሠራቸው?

ተማም፦ አንቺ ልምምድ ስትሄጂ ነው።

ነጂሃ፦ አንተ? አንተ እንዲህ አትሠራም። እጅህን አሳየኝ።

ተማም፦ እጄ ምን ሆነ? ተዪኝ።

ነጂሃ፦ ከኪስህ አውጣው። አሳየኝ አባ።

ተማም፦ ይኸው። ደስ አለሽ?

ነጂሃ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚንቀጠቀጠው?

ተማም፦ ከረመዳን ወዲህ። በፊት ጠዋት ጠዋት ነበር፣ አሁን ቀኑን ሙሉ ሆነ። የበርጩማ እግር ሲሆን ግድ የለም፤ የጎደለውን በስቱኮ ሞልቼ ቀለሙን ደፋ ሳደርግበት ሰው ጎበዝ ይለኛል። ኳስን ግን፣ ያውም ያልተቀባ ኳስን፣ በምን ልሸፍነው? አንዱ እንጨት እምቢ ሲለኝ ሌላው እሺ ይለኝ ይሆናል እያልኩ ሞከርኩ። እንጨቱ ምንም አላደረገም፤ ችግሩ እኔ ነኝ።

ነጂሃ፦ ለዚህ ነው ቀለም፣ ቀለም ያልከኝ።

ተማም፦ አፈርኩ። ልጄ አንድ ነገር ቅረጽልኝ ብላ ለመነችኝ፣ እሱንም አቃተኝ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?

ነጂሃ፦ እኔ ደግሞ ምቀኛ አልኩህ። አራት ቀን ሙሉ በየሄድኩበት ሳማህ ከረምኩ። አፌ በተቆረጠ።

ተማም፦ አፍሽንስ ተዪው፣ ለነገ ያስፈልግሻል። በዚህ አንጓሽ ላይ አፍ ከጎደለሽ ማን ያሳልፍሻል?

ነጂሃ፦ አታስቀኝ። አልሄድም።

ተማም፦ ምን?

ነጂሃ፦ እቀራለሁ። ለመኪናው ደውዬ አትጠብቁኝ እላቸዋለሁ።

ተማም፦ ያበድሽ። አሁን ከእኔ ጋር ስትጣዪ የነበረው ለምን ነበር?

ነጂሃ፦ ያኔ አላወቅኩም፣ አሁን አወቅኩ። ካለፍኩ ለሦስት ዓመት በየአገሩ ሊያዞሩን ነው የሚወስዱን። ሦስት ዓመት በዚህ እጅህ ከዚህ ማሽን ጋር ብቻህን ትቼህ? አንድ ቀን ጣትህን ቢወስደው ማን አለ?

ተማም፦ እጠነቀቃለሁ።

ነጂሃ፦ አትጠነቀቅም። እኔ እቀርጻለሁ፤ እንዳንተ ባይሆንም አስተምረኸኝ የለ? የአልጋውንም የበርጩማውንም ትእዛዝ እጨርሳለሁ። አንተ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ትሰድበኛለህ።

ተማም፦ መሮ ያስያዝኩሽ ዕድሜሽን እዚህ እንድትጨርሺ አልነበረም ነጂሃ።

ነጂሃ፦ አሁን ደግሞ አንተ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ እታከማለሁ፣ ሥራም አቆማለሁ ልትለኝ ነው። አላምንህም። ይሄ ቶርኖ እዚህ እስካለ ድረስ ገና ከበሩ ሳልወጣ ታስነሳዋለህ። አውቅሃለሁ። ስለዚህ እሱ እስካለ እኔም አለሁ።

ተማም፦ እንግዲያው ሂጂ። ቶርኖውን ትናንት ለበር ሠሪው ለከማል ሸጬዋለሁ፣ ትእዛዙንም እሱ ይጨርሰዋል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ሰው ይዞ መጥቶ ይጭነዋል፣ ቶሎ በይና እስከዚያ ኳስሽንም እጀታሽንም ቅረጪ።