ድስቱ ለምን ያርፋል?

ዓርብ ጠዋት ኔታኔል በእስራኤል አገር ወደ ሐደራ ከተማ ገበያ የወጣው ለሻባት፣ ለሰንበቱ ማዕድ፣ ዓሣ ሊገዛ ነበር። ደረት ኪሱ ውስጥ ግን ፊርማ የሚጠብቅ ወረቀት ስለ ነበረ ዓሣ ሻጩን አለፈው፤ አትክልት ተራውንም አለፈው፤ ከዚያ ዞሮ በዚያው መንገድ ተመለሰ። ወረቀቱ እስከ ቀትር መድረስ አለበት። ሦስት ጊዜ አንብቦታል፤ አንድም ውሸት አላገኘበትም። ግራ ያጋባውም ይኸው ነበር።

ሦስተኛውን ዙር ሲጀምር አትክልት ሻጩ ሺሞን ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሲነታረክ አገኘው። ሽማግሌው የድንብላል እስር ፈትተው እያንዳንዷን ቅጠል ወደ ፀሐይ ያነሣሉ፤ ይገለብጣሉ፤ ያስቀምጣሉ። ሺሞን ይህ ገበያ እንጂ ሐኪም ቤት አለመሆኑን እያስረዳ ነው። ሽማግሌው ሌላ ቅጠል አነሡ። አባ ሙሉነህ ነበሩ፤ የኔታኔል ረዳት።

ኔታኔል በኢንዱስትሪ ዞን በሚገኝ አንድ ትልቅ ወጥ ቤት ማሽጊያኽ ነው፤ በቀን ለአምስት መቶ ሰው የሚበስለው ምሳ ኮሸር፣ በአይሁድ ሕግ ለመበላት የተፈቀደ፣ መሆኑን የሚቆጣጠር ማለት ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ሐደራ ተወልዶ፣ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ገብቶ፣ የተቆጣጣሪነቱን ፈተና በአንደኛ ደረጃ አልፏል። ሰባ የተጠጉት አባ ሙሉነህ ደግሞ ከጎንደር በሱዳን አድርገው የመጡ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት መዋል አልሆንላቸው ብሎ ትል እንዳይኖርበት ሰላጣ ሊመረምሩና ዱቄት ሊነፉ የገቡ ሰው ናቸው። በሥራ ላይ አለቃው ኔታኔል ነው። ነገር ግን አማርኛውን ከእናቱ ስለ ተማረ ሲናገር የአምሳ ዓመት የጎንደር ሴት ይመስላል፤ እሳቸው ፊት ሲቆም አለቃነቱ ከየት እንደሚጠፋበት አያውቅም።

«ሻባት ሻሎም፣ አባ ሙሉነህ። ዛሬ እንኳ ዓይንዎን ቢያሳርፉት ምን አለ?»

«ልምድ ሆነብኝ ልጄ። ትናንት የልጄን ሚስት ጎመን ስመረምርባት ተቀየመችኝ።»

ሺሞን ድንብላሉን ጠቅልሎ፣ ከመደቡ ፊት ዞር እንዲሉለት ብቻ ለምኖ ሸኛቸው። ሁለቱ ከገበያው አፍ ላይ ካለው የአውቶቡስ መጠበቂያ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኔታኔል ስለ ወረቀቱ ሊናገር ፈለገ፤ ከየት እንደሚጀምር ግን ጠፋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ዕለት ወተት የነካ ጭልፋ ሾርባ የሚፈላበት ትልቁ የሥጋ ድስት ውስጥ ገባ። ሥጋና ወተት እንዳይገናኙ ሕጉ ይከለክላልና ኔታኔል መጥቶ አየና ፈረደ፤ ሾርባው ይደፋ፤ ድስቱ ታጥቦ ሃያ አራት ሰዓት ባዶውን ይቀመጥ፤ ከዚያ በፈላ ውሃ ይንጻ። አባ ሙሉነህም ማንም እንዳይነካው ዘብ ቆሙ። ድስቱን ያጠበችው ብርቱ የምትባል ሠራተኛ ነበረች፤ አምሳ ዓመት ያለፋት፣ በኮንትራክተር በኩል የተቀጠረች፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምራ ዕቃ ማጠቢያው ላይ የምትቆም ሴት። አባ ሙሉነህ ድስቱን አዩ፤ ብርቱን አዩ። ከዚያ የራሳቸውን ወንበር ስበው፣ ድስቱ ከተቀመጠ አንቺም ተቀመጪ፣ ሕጉ ነው አሏት። ሕጉ ነው ከተባለ ምን ታድርግ? ተቀመጠች። ከድስቱ ጎን እንደ ሚዜ ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀምጣ ሳለች የፈረቃ ኃላፊዋ ሊሞር ገባች። ብርቱ ሕጉ ነው አለች፤ ሊሞር የምን ሕግ አለች። ከእሑድ ጀምሮ ሴትዮዋ እንዳትመጣ ለኮንትራክተሩ ተነገረው። እሱ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ ስላለ፣ ሊሞር ኔታኔል የሚፈርምበት ሦስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጀች፤ ዕቃ አጣቢ እንድትቀመጥ የሚያዝ የኮሸር ሕግ የለም፤ ማሽጊያኹም እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልሰጠም፤ ሠራተኛዋ በሥራ ሰዓት የተቀመጠችው የሃይማኖትን ስም ጠርታ ነው። ሦስቱም እውነት ነው።

አባ ሙሉነህ ከዚህ ሁሉ የሚያውቁት ወንበሩን ብቻ ነው። ኔታኔልም ዳር ዳሩን ጀመረ።

«አባ፣ ድስቱ ሃያ አራት ሰዓት የሚቀመጠው ለምን ይመስልዎታል?»

«ደክሞት ነዋ።»

ኔታኔል ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«ጎንደር ሳለን የእኛ የአይሁዶቹ ቄሶች እንዲህ ያለ የድስት ሕግ አልነገሩንም» አሉ። «አዲስ ስለ ሆነብኝ ምክንያቱን ራሴ ፈለግሁለት። ይኸ ድስት አምስት መቶ ሰው ሲያበላ ይውላል። ነገ ደግሞ እሱ ራሱ በፈላ ውሃ ሊቀቀል ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ይረፍ ተባለ። ረቢዎቹ ለብረት እንኳ ካዘኑ ደግ ሰዎች ናቸው አልሁ።»

ኔታኔል በትዕግሥት አስረዳ። ብረቱ የምግቡን ጣዕም ይይዛል፤ አንድ ቀን ካለፈ የያዘው ጣዕም ይበላሻል፤ የተበላሸ ጣዕም ደግሞ እንደ ትኩሱ አይከለክልም፤ ስለዚህ ይጠበቃል። አባ ሙሉነህ አገጫቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ታዲያ ለድስቱ አዝነው አይደለማ?»

«አይደለም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ፣ አባ።»

ሽማግሌው ስለ ወዳጃቸው ክፉ ወሬ እንደ ሰማ ሰው ሆኑ። እዚህ ላይ የተማረ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ኔታኔልም ብሏል። ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየለትም፤ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ፈተናው ላይ አልነበረማ።

«የማረጃው ቢላዋስ? ጥርስ እንዳይኖረው በጥፍር የምትዳስሱት፣ እሱም ለጣዕም ነው?»

«እሱ እንኳ... እንስሳው እንዳይሠቃይ ነው የሚሉ አሉ።»

«ከብቱን ሳያበላ የሚበላ ሰውስ?»

«ክልክል ነው» አለ ኔታኔል ፈጠን ብሎ። «መጀመሪያ እንስሳህን ታበላለህ፤ ከዚያ አንተ ማዕድ ትቀርባለህ።»

«መልካም። ብርቱ መቼ ነው የምትበላው?»

ኔታኔል አውቶቡስ የሚመጣ ይመስል መንገዱን አየ። ብርቱ የምትበላው ወጥ ሠሪዎቹ በልተው፣ ሾፌሮቹ በልተው፣ ሊሞርና እሱ ራሱ በልተው፣ ሳህናቸውን ካቀበሏት በኋላ ነው።

«እማ ብርቱ እንስሳ አይደሉም» አለ በመጨረሻ።

«አይደለችም። እስከ መጨረሻ የምትቆየው ለዚህ ነው?»

ኔታኔል የተማረውን ሁሉ ሰበሰበ። የሠራተኛ ጉዳይ ሌላ ቢሮ አለው አለ። የእሱ ማኅተም የሚናገረው ስለ ምግቡ ነው፤ ስለ ሰው ድካም መናገር ከጀመረ ዛሬ ዕቃ አጣቢዋ፣ ነገ ሾፌሩ፣ ከነገ ወዲያ ሽንኩርት ከታፊው ይመጣል፤ መጨረሻም የለው። አባ ሙሉነህ ሲመልሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሰላጣ ላይ ትል ቢገኝ ሰላጣው ይጣላል? ይጣላል። ትሏ ሰው ትገድላለች? አትገድልም። እንግዲያውስ መብራት አብርቶ ትል የሚፈልግ ሰው፣ ያለ መብራት የሚታየውን፣ ሳሙና የበላውን የብርቱን እጅ ሳያይ እንዴት ይቀራል? ኔታኔል አንድ ሐሳብ መጣበት፤ ብርቱ በሬ ብትሆን ኖሮ ጉዳዩን በአምስት ደቂቃ እንደሚፈርደው፣ ከነምንጩ። በሐሳቡ አፈረና እፍረቱን ወደ ቁጣ መለሰው።

«አባ፣ እርስዎ ሕጉ ነው ብለው ነግረዋቸዋል። ሕጉ አልነበረም። ከእሑድ ጀምሮ እንዳይመጡ ተደርጓል።»

አባ ሙሉነህ ድንብላሉን ከጭናቸው አንሥተው ወንበሩ ላይ አኖሩት።

«ብርቱ? በእኔ ነው?»

«በወንበሩ።»

«ወንበሩ የእኔ ነው።»

ወረቀቱ ምን እንደሚል ጠየቁ። ኔታኔል ከዕብራይስጡ እየመለሰ አነበበላቸው፤ ሲነበብ ደግሞ በአማርኛ የባሰ ነበር። ሽማግሌው ይቆጣሉ፣ አትፈርም ይላሉ ብሎ ጠበቀ፤ እንዲያ ቢሉት ምን እንደሚመልስም አዘጋጅቶ ነበር።

«እውነት ነው» አሉ። «ፈርም።»

«ምን?»

«ፈርም እንጂ። ቦታ ተርፎታል?»

«ግማሽ ገጽ ያህል።»

«እንግዲያው የቀረውንም እውነት ጻፍበት። ሙሉነህ ሳያውቅ ሕጉ ነው አለ፤ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ስሜን ጻፍ። ሴትዮዋ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምራ ቆማ ነበር። ከሁሉም በኋላ ነው የምትበላው። ማሽጊያኹ ይህን ስምንት ወር ሙሉ አይቷል። ውሸት አለበት?»

«የለበትም። ግን ይህን ከጻፍሁ እርስዎም ይወጣሉ፣ አባ።»

«ዓይንህን አሳርፍ ያልኸኝ አንተ አይደለህ?»

ኔታኔል ብዕሩን አወጣ። የሽማግሌውን ስም መጻፍ ከበደው፤ ይሁን እንጂ ጻፈው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ብዕሩን ገታ። ሥራው ማየት ነው፤ ደመወዝ የሚበላበት ማየት ነው፤ የትል እንቁላል በመብራት የሚለይ ዓይን አለው ተብሎ ተመስግኗል። ይህ ዓይን ስምንት ወር ሙሉ ሳህን ሲያቀብል ከሳህኑ ማዶ ያለችውን ሴት አላየም ብሎ መጻፍ አይችልም፤ አይቷላ። አይቶ ምን አደረገ? ኮሸር ነው ብሎ ፈረመ። ሽማግሌው አሳምነውት ይሁን ራሱ ራሱን አሳምኖ ሊነግርህ አይችልም፤ ብቻ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰና ፈረመ።

ሊሞር ቢሮዋን ልትዘጋ ስትል ደረሰ። ወረቀቱን ቆማ አነበበችው፤ ግርጌው ላይ ስትደርስ እንደ ገና ከላይ ጀመረች። እንዲህ ያለ ወረቀት ወደ ኮንትራክተሩ ቢሄድ መጀመሪያ የምትጠየቀው እሷ ራሷ እንደ ሆነች ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም። ኔታኔልም ከእሑድ ጀምሮ ሠራተኞቹ ሳይበሉ እንደማይበላ፣ ሳይቀመጡም እንደማይቀመጥ ነገራት። ትጮሃለች ብሎ ነበር። ሊሞር ግን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔም ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሬ ቆሜአለሁ» አለች። «ለፈረቃ ኃላፊ ምን ይላል ሕግህ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን አንሥታ ለኮንትራክተሩ ደወለች። ብርቱ እሑድ ትምጣ አለችው።

ሃፍሳካ፣ የሠራተኞቹ የዕረፍት ሰዓት፣ ከአለቆቹ ምሳ በፊት ሆነ፤ ግማሽ ሰዓት፣ ከነወንበሩ። ጥቅሙንም እንናገር፤ ጥቅሙ ያልተነገረ ለውጥ ጨዋታ ነው የሚሉ ብዙ ናቸውና። የሚሰበረው ሳህን በግማሽ ቀነሰ። ሊሞር የምትጮኸው ከሰኞ እስከ ረቡዕ ብቻ ሆነ። ድሮ ከቀትር በኋላ ትል የሌለበት ይመስል የነበረው ሰላጣ ትል ይገኝበት ጀመር፤ ለካስ የጠፋው ትሉ ሳይሆን የሚያየው ዓይን ኖሯል። የደከመ ሰው የሚጠብቀው ሕግ በወረቀት እንጂ በሳህን ላይ አይገኝም። ከሥራቸው ሳይባረሩ ከቅጠላቸው ጋር የቀሩት አባ ሙሉነህ ይህን አስቀድመው አውቀው እንደ ሆነ ሲጠየቁ አላወቅሁም ይላሉ። ኔታኔልም ዶሮ ለሚያመጣው ሰው፣ በዚህ ሙቀት ዶሮዎቹ ከመታረዳቸው በፊት ውሃ አግኝተው እንደ ሆነ መጠየቅ ጀምሯል። ሰውየው እንዲህ ተጠይቆ ስለማያውቅ ማንን ጠይቆ እንደሚመልስ ግራ ገብቶታል።

ይህ ሁሉ የመጣው ግን ቆይቶ ነው። በመጀመሪያው እሑድ ብርቱ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ እጇ እንደ ረጠበ፣ ሊነሣ እንደ ደረሰ ሰው ተቀምጣ ነበር። ኔታኔልን በጣቷ ጠራችው።

«ና እስቲ አንተ ልጅ። ባለፈው ሕጉ ነው ተብዬ ተቀምጬ ነው ጉድ የፈላብኝ። አሁን እውነቱን ንገረኝ፤ ይኼ ሕጉ ነው ወይስ አባ ሙሉነህ ናቸው?»

ኔታኔል አፉን ከፈተ። የሰባት ዓመት ትምህርት አንዱ በሌላው ላይ እየተጋፋ መጣበት፤ ምንጩ፣ ክርክሩ፣ የሚፈቅደው፣ የሚከለክለው።

«እንጃ፣ እማ ብርቱ» አለ። «ብቻ ይቀመጡ።»

ብርቱ ወደ ኋላ ተደገፈችና ጫማዋን አወለቀች።