ያልበቀለው በቆሎና የሙቀት ቆጠራ

ወይዘሮ አጋኔታ ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መንገድ የጀመሩት ጎረቤታቸውን ኮርኒን መዝሪያ መኪናውን ሊለምኑ ነበር። ልጃቸው አብራም ወገቡን ሊታከም ዊኒፔግ ከተማ ሆስፒታል ገብቷል፤ ሲሄድ «እማዬ፣ በቆሎውን አደራ» ብሏቸዋል። ያ በቆሎ ከነአገዳው ተከታትፎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተረግጦ፣ በበረዶው ወራት የአርባ ላሞች ቀለብ የሚሆን ነው። ከተዘራ አሥራ ሦስት ቀን ቢሆነውም አንዲት ቅጠል ብቅ አላለችም። ወይዘሮ አጋኔታ ደግሞ ልጅ ሲያስል የሳንባ ምች፣ ደመና ሲጠቁር በረዶ የሚታያቸው ሴት ናቸው፤ ሦስት ሌሊት አልተኙም።

ከእርሻቸው ጥግ የኮርኒን ልጅ ማርሊስን ቁጢጥ ብላ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀች ደብተር ላይ ስትጽፍ አገኟት። ልጅቷ ግብርና ኮሌጅ ሦስት ዓመት ተምራ የተመለሰች ነች። በሁለቱ ቤቶች ድንበር ላይ፣ ነጭ ሣጥን ውስጥ፣ ቴርሞሜትር አኑራለች።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ አጋኔታ?»

«ምን ውሎ አለኝ ልጄ። ዘሩ በስብሷል። አባትሽ መዝሪያውን ሰኞ ካልሰጠኝ ማክሰኞ ወደ ወንድሙ ይወስደዋል። ገልብጬ እንደ አዲስ ልዝራ እንጂ።»

«ማን በስብሷል አለዎት?»

«ቀኑ ነዋ። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ‹በቆሎ በአሥር ቀን ካልወጣ አትጠብቂው› ይሉኝ ነበር። ሦስት ቀን ጨምሬ ጠበቅሁ። ኢዮብም ከዚህ በላይ አይታገሥም።»

ማርሊስ ሳቀች። «በቆሎ የቀን መቁጠሪያ የት አየና ነው? ቀን የምንቆጥረው እኛ ነን። እሱ የሚቆጥረው ሙቀት ነው።»

«እንግዲህ ኮሌጅ ያስተማሩሽ ይሄ ከሆነ አባትሽ ሦስት ዓመት ብቻውን ላም ያለበው በከንቱ ነው።»

«ይስሙኝማ። ከአሥር ዲግሪ በታች ሲሆን በቆሎ እንቅልፍ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያለችውን ሙቀት ግን አንዷን ሳይጥል ያጠራቅማታል። ትናንት ቀን አሥራ ስድስት፣ ሌሊት አራት ነበር። ከአሥር የወረደውን እንደ አሥር እንይዘዋለን። አሥራ ስድስትና አሥር ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል አሥራ ሦስት፤ አሥሩ ሲቀነስ ሦስት ይቀራል። ትናንት ለእርስዎ ሙሉ ቀን ነው፤ ለበቆሎው ሦስት ብቻ።»

«ለመብቀልስ ስንት ይፈልጋል?»

«በዚህ አፈር ስድሳ አምስት ያህል። እስከ ዛሬ ያገኘው አርባ አንድ ነው። በርዶት ነው እንጂ አልሞተም።»

«ብትሳሳቺስ? ሰኞ አለፈኝ ማለት ኋላ የምዘራውን የመስከረም ውርጭ በላው ማለት ነው። አርባ ላም ምን ላብላ? የአንቺን ደብተር?»

ማርሊስ ደብተሯን ዘጋች። «እንግዲያው ሳንቆፍር ልንገርዎት፤ ከዚያ እንቆፍራለን። ሥሩ ወደ ታች ወርዷል። ቡቃያው ወደ ላይ ጀምሮ መንገዱን አጋምሷል።»

ወይዘሮ አጋኔታ ማንንም ሳያምኑ በገዛ ጣታቸው ቆፈሩ። ዘሩ እንዳለችው ነበር፤ ነጭ ሥር ወደ ታች፣ እንደ መርፌ የሾለ ቡቃያ ወደ ላይ፣ ከተዘራበት ሦስት ጣት ጥልቀት እኩሌታውን ወጥቶ። ውሃ የተኛበት ቦታ ሄደው አሥራ ሁለት ዘር አወጡ። አንዱ በስብሷል፤ አሥራ አንዱ ያው ናቸው። እጃቸውን ከአፈሩ አላነሡም። በቆሎው ከመሬት በታች፣ በጨለማ፣ ሳይሳሳት ይህን ሁሉ ሙቀት ሲደምር ኖሯል።

«ታዲያ አባቴ ዋሹኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«አልዋሹም። መቼ ነበር የሚዘሩት?»

«የግቢያችን የፕሪም ዛፍ ሲያብብ።»

«ፕሪሙም እኮ ሙቀት ቆጥሮ ነው የሚያብበው። እሳቸው አበባውንና አሥሩን ቀን አንድ ላይ ያዙ። እኛ ትልልቅ መኪና ሲመጣልን መሬቱ ጠፈፍ እንዳለ መዝራት ጀመርን፤ አበባውን ረስተን አሥሩን ቀን ብቻ ያዝን። ዘንድሮ ፕሪምዎ አብቧል?»

«ገና እምቡጥ ነው» አሉ ወይዘሮ አጋኔታ፣ ቀስ ብለው።

ሰው ከአባቱ ምክር ግማሹን ብቻ ይዞ በሙሉ ልቡ ይሟገትበታል፤ ሲከሽፍም አባቱን ያማል።

«በአየር ትንበያው እሑድ ሰባት፣ ሰኞ ዘጠኝ፣ ማክሰኞ አሥር ያገኛል» አለች ማርሊስ። «ድምሩ ስድሳ ሰባት ይሆናል፤ ማክሰኞ ማታ ይወጣል። ትንበያው ከሳተ አንድ ሁለት ቀን ይዘገያል እንጂ አይቀርም።»

ሰኞ ጠዋት ኮርኒ መዝሪያውን እየጎተተ በራቸው ላይ ቆመ። «አጋኔታ፣ ያቺ ልጄ አሳበደችሽ እንዴ? ይሄ መኪና ነገ የለም።»

«ይሂድ» አሉት።

«ካልበቀለ እንግዲህ ልጅቷን መኖ አድርጊያት» ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ወጥተው አዩ፤ ባዶ አፈር ነው። እኩለ ቀን ላይ ሄዱ፤ አሁንም አፈር። ምሳ አልበሉም። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ለአራተኛ ጊዜ ሲወጡ ግን መሬቱ በመሥመር በመሥመር ተሰነጣጥቆ ነበር። በየስንጥቁ አረንጓዴ ጫፍ አለ። ጥግ እስከ ጥግ፣ ዓይን እስከሚደርስ፣ ሁሉም በአንድ ምሽት። እልፍ አእላፍ ፍሬ አንዱ ሌላውን ሳያይ አንድ ድምር ላይ ደርሷል። ወይዘሮ አጋኔታ መሐረባቸውን ከራሳቸው አወረዱ፤ ከቤት ውጭ አውርደውት አያውቁም።

ይህ ትምህርት ለገበሬ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ነው። ያልሞተ ዘር አይገለበጥም። ድምሩን የያዘ ሰው በቆሎው የሚያብብበትን ሳምንት፣ አገዳውን የሚሰረስረው ትል የሚፈለፈልበትን ጊዜ፣ ለመኖ የሚታጨድበትን ወቅት አስቀድሞ ይገምታል፤ ከውርጩ በፊት የሚደርሰውንም ዘር መርጦ ይገዛል። ሥጋት እንኳ ልክ ያገኛል።

በዚያው ምሽት አብራም ከሆስፒታል ደወለ።

«በቀለ እማዬ? ስንት ቀን ፈጀ?»

«ቀኑን ተወው ልጄ» አሉ ወይዘሮ አጋኔታ። «ስድሳ ሰባት ሙቀት ፈጀ። አሁን ተኛ፤ እኔም ልተኛ ነው።»